ከኋላ የሚመጣው ሰው

ጌትዬ፣

ተራራውን በሚዞረው መንገድ ላይ ባለፈው ሳምንት ቢጫ ቀስት የተቀባባቸው ድንጋዮች ተተከሉ። ልጆች የያዘ ቤተሰብ ያለ መሪ ዞሮ እንዲመለስ ብለው የሠሩት የመሐል ሜዳ ከተማ ወጣቶች ናቸው። ከምንጩ ይነሣና በረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች በኩል አልፎ ተመልሶ ምንጩ ላይ ይገጥማል። አንተ ትወስደን የነበረው መንገድ ነው።

ሞት ከለየን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። አጥሩን አሳድሼዋለሁ። ልጃችን ሂሩት ከደብረ ብርሃን ትደውላለች፤ በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ ትለኛለች። በርኖስህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። ሬዲዮኑን ዜና ለመስማት አልከፍተውም፤ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው።

ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ፣ ጥምቀት ባለፈ ቁጥር ተራራውን እንዞር ነበር። እኔ ከፊት፣ ልጆቹ መሐል፣ አንተ ከኋላ። በየመታጠፊያው ትቆጥረንና «ሙሉ ነን!» ብለህ ትጮሃለህ። እሱን ሳልሰማ አልራመድም። አንድ ቀን ጉም ድንገት ወርዶ ሸፈነን። ሂሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ስታይ ወደ ኋላ ቀርታ ኖሯል። ቆሜ ጠበቅሁ፤ ድምፅህ ዘገየብኝ። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ «ሙሉ ነን! አንዷ ግን ዝንጀሮ ልትሆን ነበር!» አልክ። ሂሩት እያለቀሰች ሳቀች። ለምን ሁልጊዜ ኋላ እንደምትሆን የገባኝ ያን ቀን ነው።

የካቲት ላይ ብቻዬን ሞከርኩት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ነፋሱ የጓሳውን ሣር ያወዛውዘዋል፤ ከእሱ በቀር ድምፅ አልነበረም። አንተን እየጠበቅሁ መሆኑን ያወቅሁት እግሬ ሲቀዘቅዝ ነው። ከዚያው ተመለስኩ። ለሂሩት አልነገርኳትም።

አሁን ሂሩት ከባሏና ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ለፋሲካ ትመጣለች። ልጆቹ አባባ ይዞረው የነበረውን ተራራ አሳዪን ብለዋታል። እማዬ፣ አንቺ ካልሄድሽ እኛም አንሄድ አለችኝ። መልሴን እስከ ሆሳዕና ትጠብቃለች።

ከፊት የሚመራ ሰው አያስፈልጋቸውም፤ ቀስቶቹ አሉ። የጎደለው የኋላው ነው። በርኖስህን ደርቤ እኔ ከኋላቸው መሄድ እችላለሁ። ዳገቱን አልፈራሁትም። የፈራሁት መታጠፊያው ላይ ደርሼ፣ ልጆቹ ዞር ብለው ሲያዩኝ፣ ቃሉ ከአፌ አልወጣ እንዳይለኝ ነው። አንተ ሳትኖር እንዴት ብዬ ሙሉ ነን እላለሁ?

ድምፅህ ከየትኛው መታጠፊያ እንዴት ይመጣ እንደነበር በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም። ለሂሩት የምሰጣትን መልስ ግን ገና አልወሰንኩም። ሆሳዕና የፊታችን እሑድ ነው።