የእናትሽ ግፊት

ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ሥራው፣ ብርዱ፣ የአከራይሽ ምላስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ አንቺ የመድኃኒት ሰው ነሽ፤ አታምኝኝም። እንዳለሁ አለሁ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በዚች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከእናትሽ ጆሮ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ ነው። አሁን ገበያ ወጥታለች፤ ሳትመለስ ልጨርሰው።

ኑሮዬን ታውቂዋለሽ። በሳምንት ሦስት ቀን ክንዴን ለማሽኑ ሰጥቼ እጋደማለሁ፤ ደሜ ወጥቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል። በቀሩት ቀናት የእናትሽ እስረኛ ነኝ። ጨው የለም፣ ውኃም በልኬት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ቤት የውኃ ቧንቧ ስዘረጋ የኖርኩ ሰው፣ አሁን አንድ ጉንጭ ለማስጨመር እንደ ሕፃን እለማመጣለሁ። ትናንት አፌን ስጉመጠመጥ እንኳ እንዳልውጠው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

ሐኪሙ ቧንቧ ሠራተኛ መሆኔን ሲሰማ በሙያዬ አስረዳኝ። ግፊት የበዛበት መስመር ማጣሪያውን ያበላሻል፤ የተበላሸ ማጣሪያ ደግሞ መልሶ ግፊቱን ይጨምራል። አናቴን ሲወቅረኝ ድካም ነው እያልኩ ያለፍኩት የደም ግፊት ኩላሊቴን በላው፤ አሁን ኩላሊቴ በተራው ግፊቱን ያንረዋል። የትኛው እንደጀመረ እንኳ ዛሬ መለየት አይቻልም አለኝ። መውጫ የለውም ወይ ስለው፣ አንድ ጤነኛ ኩላሊት ካገኘህ አለው አለኝ።

እናትሽ እዚያው፣ ለጎረቤት ሽንኩርት እንደምታበድር ሁሉ፣ የእኔን ውሰዱ አለች። ደማችን ገጠመ። የቀረው ግፊቷ ነበር። ግፊት ያለበት ሰው አይሰጥም፤ የምትቀረው አንዲት ኩላሊት እንደ እኔዎቹ ትሆናለችና። በሄደች ቁጥር ለኳት፣ በሄደች ቁጥር እንደ ልጃገረድ ነሽ አሏት። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ከሐኪም ቤት ትወጣለች።

አንቺ የገዛሽልኝን የግፊት መለኪያ ግን አንድም ቀን ክንዷን አስነክታው አታውቅም። የበሽተኛ ዕቃ ነው ትላለች። ባለፈው ከሰዓት በኋላ ልብስ ስታጣጥፍ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ የማልረባው፣ ለቀልድ ብዬ ክንዷ ላይ ጠቀለልኩትና ቁልፉን ተጫንኩ። ሲያጠብቃት ባነነች። ቁጥሩን ግን አይቼዋለሁ፤ ከእኔ ይበልጣል።

ምን እያደረግህ ነው አለችኝ። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ እየሞከርኩት ነው አልኳት። “ተበላሽቷል፤ እኔም ልልህ ነበር” አለችና ፈታ ጣለችው። ስንት አለ ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲያ በዓይኔ እከታተላት ጀመር። መነጽሬን ስፈልግ ቦርሳዋ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን አገኘሁ። እኔ ለግፊቴ የምወስደው ዓይነት ነው፤ ከእኔ ግን አንድም አልጎደለም። ምርመራ ያለባት ሰሞን ጓዳ ገብታ ትውጠዋለች፣ ምርመራው ሲያልፍ ታቆማለች። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኳትም። አንቺንም አልጠይቅሽም። አባት ሲያልቅ ቆሞ ማየት ለማንም ከባድ ነው።

ልጄ፣ እኔ መኖር እፈልጋለሁ። ክኒኑን እንደነበረ ጠቅልዬ ወደ ቦርሳው መለስኩት። እሷ ወዳ ነው፣ ሐኪሞቹም ፈቅደዋል፣ እኔ ምን አገባኝ እያልኩ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ። ውኃ እስኪበቃኝ ስጠጣ ሁሉ ታየኝ። በኋላ ግን እናትሽ እዚያ አልጋ ላይ ተጋድማ፣ እኔ ውኃ ለክቼ ስሰጣት ታየኝ። አልቻልኩም።

እውነቱን ለሐኪሙ ብነግረው ይሰርዟታል። እናትሽን ደግሞ ታውቂያታለሽ፤ በእኔ ግፊት የተነሳ ሞተብኝ እያለች ቀሪ ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ስለዚህ ሐኪሙን ለብቻው አስጠርቼ፣ ቢላዋ እፈራለሁ፣ ቀዶ ጥገናው ይቅርብኝ አልኩት። ሊያሳምነኝ ብዙ ደከመ፤ እኔም ድርቅ አልኩ።

እናትሽ ስትሰማ አልጮኸችም። ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠችና፣ “እስከ ዛሬ ከወንድ ጋር የኖርኩ መስሎኝ ነበር” አለች። ከዚያ ወዲህ ከ“ብላ” እና ከ“ተነስ” ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። እሷ አትናገረኝ፣ እኔ አልናገር፤ በሁለት ክፍል ውስጥ እየተላለፍን እንውላለን። ፈሪ ልባል ግድ የለኝም፤ ንዴቷ ይበርድላታል። ሌሊት ሌሊት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ እሰማለሁ፣ አይዞሽ ማለት እንኳ አልችልም።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ምርመራው ስለቀረ ክኒኑን ትታዋለች። ከእንግዲህ ማንን ታታልልበት? አናቷን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም አያታለሁ፤ ስጠይቃት ፊቷን ታዞራለች። እኔን የዋጠኝ ነገር እሷንም እግሯን ይዟታል፣ እኔም ከአልጋዬ ሆኜ አያለሁ። የፈሪ ምክር ማን ይሰማል? አንቺን ትሰማለች። አስፈቅደሽ ነይና ሐኪም ጋ ለራሷ ሕመም እንውሰዳት። የጻፍኩልሽን እንዳታነሺባት፣ በሞቴ። አንቺም ተለኪ፤ የሁለታችን ልጅ ነሽ። የእኔን ኩላሊት ልስጥህ ብለሽ ብትመጪ ግን በር አልከፍትልሽም።

እጅሽ ያቀበለው መድኃኒት ለወሰደው ሁሉ ፈውስ ይሁነው። ክፉ አይንካሽ፤ ወልደሽ ሳሚ፤ እርጅናሽ ያለ ሕመም ይሁን።

እስክትመጪ ድረስ ክኒኑን መላክሽን እንዳታቋርጪ። አሁን ምን ያደርግልኛል ካለችሽ፣ አባባ ለቀዶ ጥገናው ልቡ እየተመለሰ ነው፣ ግፊትሽን አስተካክለሽ ጠብቂው በያት።

አባትሽ