ጋሽ ብሩሽ፣ ታፔላ የሌለውን በር ያገኙት ሰው

ጋሽ ብሩሽ እያልን የምንጠራቸው ታላቅ ወንድማችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ይህን ታሪክ እንዲጽፍ መጀመሪያ የተጠየቀው ዲግሪ ያለው የአጎታቸው ልጅ ነበር። እሱ ጊዜ ስላጣ ጫማ ሰፊው ታናሽ ወንድማቸው ጽፎታል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው የእጅ ጽሑፋቸውን አይተው «ይሄ ልጅ ይማር» ብለው ወሰኑ። ታናሽየውን ግን ከአራተኛ ክፍል አውጥተው ለጫማ ሰፊ ሰጡት። ጽሑፉ የፊደል ግድፈት ቢገኝበት ምክንያቱ ይኸው ነው።

በሃያ ዓመታቸው የታፔላ ጽሕፈት ሥራ ጀመሩ። የፀጉር ቤቱ፣ የወፍጮው፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት መጠጥ ቤቶች በሙሉ የእሳቸው እጅ ናቸው። በሃያ ስድስት ዓመታቸው የዳቦ ቤት ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወልደዋል። ሰው አክባሪ፣ ሳቂታ፣ የጎረቤትን የውኃ በርሜል እንኳ ሳይለመኑ የሚቀቡ ነበሩ። ለሠፈሩ ሁሉ ሲጽፉ የጫማ ሰፊው ወንድማቸው በር ብቻ አሥራ ስምንት ዓመት ራቁቱን ቀረ። በጠየቃቸው ቁጥር መልሳቸው «አንተ እኮ የቤት ሰው ነህ» ነበር።

መጠጥ ቤቶቹ ታፔላ በተጻፈላቸው ቁጥር ይጋብዟቸው ስለነበር ግብዣው እያደር ልማድ ሆነ፤ ልማዱም እሳቸውን ያዛቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በመድኃኒት ቤቱ ታፔላ ላይ ያለው መስቀል እስከ ዛሬ የዘመመው በዚያን ጊዜ ነው። ታናሽ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሰላሉ ላይ ወጥታ የእጃቸውን አንጓ ትይዝላቸው ነበር። አንድ ቀን እንደያዘች፣ «አባዬ፣ እኔ ሳገባ እጅህን ማን ይይዝልሃል?» አለቻቸው። ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ከተው ከመሰላሉ ወረዱ። የዚያን ቀን ፊደል ሳይጨርሱ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

የጤና ጣቢያው ነርስ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳዱ ሰዎች በየማክሰኞው አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚሰበሰቡ ነግራ፣ ሕንፃውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈችላቸው። በመጀመሪያው ማክሰኞ ሕንፃውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ለአገር ሁሉ አቅጣጫ ሲጽፉ የኖሩ ሰው፣ ታፔላ የሌለው በር ጠፋባቸውና ተመለሱ። በሁለተኛው ማክሰኞ ፎቅ ላይ ሰው የተሰበሰበበት ክፍል አግኝተው ገብተው ተቀመጡ። ሰብሳቢው ሐሳብ ያለው እንዳለ ሲጠይቅ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡና፣ «እኔ ጠጪ ነኝ። ማቆም አቅቶኛል፤ እርዱኝ» አሉ። ለካ የተከራዮች ስብሰባ ኖሯል። ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላብጦ፣ «እሱ በአጀንዳችን የለም፤ አሁን የያዝነው የውኃ ቧንቧውን ነው» አላቸው። ሾልከው ሊወጡ ሲሉ ደረጃ የምታጸዳው ሴት እጅጌያቸውን ያዝ አድርጋ፣ የእሳቸው ሰዎች ምድር ቤት እንደሚቀመጡ ነግራ ወስዳ አስገባቻቸው። ይህን ራሳቸው እየሳቁ ሲያወሩት ኖረዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብታ አልቀመሱም።

ሌላው እንደሳቸው እንዳይንከራተት ለበሩ ታፔላ ልጻፍ ብለው ነበር። አባላቱ ግን ተደብቆ የሚመጣ ሰው ስላለ አይሆንም አሏቸው። እሳቸውም በበሩ ታችኛው ጥግ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ወንበር ሣሉ። ፊደል የላትም፤ የሚያውቃት ያውቃታል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጫማ ሰፊው ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ ያቺኑ ወንበር በሩ ላይ ተሥላ አገኛት። እሱም በዚያ ዘመን ከሥራው ይልቅ ብርጭቆው ይበዛ ነበር፤ የወንበሯን ነገር ግን አያውቅም። ታፔላ ሲለምን ኖሮ የሕፃን ሥዕል በማግኘቱ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ትውላለህ ብለው የቀለዱበት መሰለው። አኮረፈ። ለሰው እያሳየ ሊከሳቸው ስለፈለገም አልፋቃትም። ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

ዘንድሮ ተረከዝ ሊያስመታ የመጣ አንድ የታክሲ ሹፌር ወንበሯን አይቶ፣ «አንተም የማክሰኞ ሰው ነህ እንዴ?» ሲለው ነገሩ ገባው። ጋሽ ብሩሽ በጉበት ሕመም ሆስፒታል ከገቡ ወር አልፏቸው ነበር። ጫማ ሰፊው በማክሰኞው ምድር ቤት ወርዶ ተቀመጠ፤ በማግስቱ ከአልጋቸው ጎን ቆመ። ይቅርታ የጠየቀ የለም። እሳቸው «በሩን አገኘኸው?» አሉት። «በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ታፔላ፤ እሱም ፊደል የለውም» አላቸው። የሆስፒታሉ ነርስ መጥታ እስክትቆጣቸው ድረስ ሳቁ።

ጋሽ ብሩሽ ባለፈው እሑድ ማለዳ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ዘጠኝ ሳምንት ያልጠጣ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በምድር ቤቱ በር ላይ የሣሏት ወንበር ቀለሟ መልቀቅ ጀምሯል። የፊታችን ማክሰኞ ጫማ ሰፊው ያድሳታል፤ የእሱም እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ታናሽ ልጃቸው አንጓውን ትይዝለታለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጁ ያሳርፍ። የዚያኛውንም በር ሦስት ጊዜ ሳይዞሩ ያግኙት።