ጉሙ የማን ነው?

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ አልቻልኩም። የላብራቶሪውን ጠረጴዛ ተደግፌ ቆሜ ነው የምጽፍልህ። እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል። ከሐሙስ ጀምሮ ስልክህ ዝግ ነው። ትናንት ፋብሪካህ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። «እህቱ ነኝ እኮ!» ስለው፣ «እህታቸውም ብትሆኚ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለ። ሳቄ መጣ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ አለቀስኩ።

እማዬ አንተን ስታጣ የምትደውለው ለእኔ ነው። «ያ ልጅ በልቷል?» ትለኛለች። አርባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ መብላት አለመብላቱን እኔ በምን አውቃለሁ! እንዳትሰጋ ብዬ «በልቷል እማዬ» እላታለሁ። «አንቺስ?» ስትለኝ ግን ወሬ እለውጣለሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። አብረን ስለነበርን ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ዛሬ አንድም ሳላስቀር መናገር አለብኝ። ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትደርስበታለህ።

ያ የሳንባ ቫይረስ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው የሕፃናት ክፍላችን ሁለት ሁለት ልጅ ባንድ አልጋ ያስተኛ ነበር። መድኃኒት አጥተን አልነበረም። እዚሁ እኛ ላብራቶሪ የተሠራ፣ የፈጠራ ባለቤትነት ፓተንት የወጣለት፣ ተቋማችንም ሆስፒታሎች በነፃ እንዲጠቀሙበት የፈቀደው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ነበረን። የላብራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ቫይረሱን ድራሹን ያጠፋዋል። ሳንባ ድረስ መግባት ላይ ግን ወገቤን ይላል። በደም ሥር ብንሰጠው መንገድ ላይ ያልቃል። በጉም መልክ እንዲተነፍሱት ብናደርግ፣ የሆስፒታሉ መርጫ ማሽን ጠብታው ትልቅ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ረቂቅ ጠብታ የሚያወጣው ሌላኛው ማሽን ደግሞ አንቀጥቅጦ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። እናቶቹ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ መግቢያ አጣሁ።

አንድ እሁድ እማዬ ቤት ይህን ሳማርር አንተ አቀርቅረህ ትሰማኝ ነበር። የአንተ ሙያ ተሽከርካሪን ከጠላት ካሜራ የሚሰውር ጉም መሥራት ነው፤ ስምህ የተጻፈበት ፓተንት የእማዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከሠርግ ፎቶዋ ጎን ተሰቅሏል። እማዬ ታዲያ ሁለታችንንም አየችና «አንዱ ልጄ ጉም ይሠራል፣ አንዷ ሳል ታክማለች። ምናለ አንዳችሁ እንኳ ያንን የሚያፈስ ቧንቧ ብትጠግኑልኝ!» አለች። ሳቅን። አንተ ሳቅህን ሳትጨርስ ወደ ግቢው ቧንቧ ዞርክና «ቁንጫ፣ ያ ጨዋታ ትዝ ይልሻል?» አልከኝ።

እንዴት ይረሳኛል! አፋችንን በውሃ ሞልተን፣ ፊት ለፊት ቆመን፣ ጉንጫችን እንደ ኳስ ተነፍቶ፣ «አንድ፣ ሁለት» በጣታችን ቆጥረን እኩል እንረጭ ነበር። መሐል ላይ ሲገጣጠም ውሃው ጉም ይሆናል። ብቻህን ስትረጭ ግን የሚሆነው ማርጠብ ብቻ ነው፤ እሱንም ቀምሼዋለሁ፤ ቀድመኸኝ የረጨኸኝን ቀን ሁሉ አስታውሳለሁ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ «እናንተ ባለጌዎች!» እያለች ስታባርረን እንኳ ሳቁ ነበር የሚጥለን።

«ሁለት ውሃ ፊት ለፊት ከተጋጨ ማንቀጥቀጥ ምን ያደርጋል?» አልክ። ያኔ ዓይንህ ላይ ያየሁትን ነገር ከልጅነታችን ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን በስሪንጅ መርፌዎች እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ሠራነው። መርፌዎቹ ተላለፉና አንዱ መነጽርህን፣ አንዱ የእማዬን መጋረጃ አጠጣው። «እሰይ! ያደግን መስሎኝ ነበር» አለች። በኋላ ግን ተሳካ። የሠራነው ይህ ነው፦ ሁለት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ ከፀጉር ትንሽ ወፈር ያለ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ግን ሁለቱም በጥቂቱ ወደ መውጫው ያዘነበሉ። መካከላቸው ያለው ክፍተት የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው። ከፊታቸው እንደ ጉልበት የታጠፈ ቱቦ አለ። ትልልቁ ጠብታ መታጠፍ ያቅተውና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና ይረጫል። ረቂቁ ታጥፎ ወደ ልጁ ማስክ ያልፋል። የሚገፋው የኦክስጅን ሲሊንደሩ ግፊት ብቻ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ሌላ ተአምር የለውም፤ ይኸው ነው።

የሆስፒታሉ ኮሚቴ መርምሮ ፈቀደ። መርፌው ቶሎ ቶሎ ስለሚደፈን አንተ በምሳ ሰዓትህ፣ በፋብሪካው ብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ሦስት ኖዝል፣ ማለትም ባለ ሁለት ቀዳዳ የመርጫ አፍ፣ ከብረት አወጣህልን። በመስኮቱ በኩል የምትተኛዋን ልጅ ታስታውሳታለህ፣ ጥርሷ የወለቀባትን። ስትተነፍስ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማ የነበረው ድምፅ በሳምንቱ ጠፋ፤ ቀና ብላ መቀመጥ ጀመረች። አንድ ቀን ነርሷ ኖዝሉን ወደ ጎረቤቷ አልጋ ስትወስድ «ጉሜን ለሱ አትስጪብኝ!» ብላ አገር ምድሩን አቀለጠችው። አንተ በር ላይ ቆመህ ሰማህ። መነጽርህን አውልቀህ ጠረግህና «ይሄ ክፍል አቧራ አለው» አልክ። አቧራ እንኳ አልነበረውም፣ ወንድም ጋሼ።

ጣጣው የመጣው በዚያው ቶርኖ በኩል ነው። ኮሎኔሉ፣ አለቃህ፣ ለሙከራ የሠራሃትን አራተኛ ኖዝል ጠረጴዛህ ላይ አገኛት። አስረጭቶ አያትና ተሽከርካሪ የሚሰውረው ጉም በእሷ ቢረጭ አየር ላይ እንደሚቆይለት ገባው። «በእኛ ብረት፣ በእኛ ማሽን፣ በእኛ ሰው፤ የእኛ ናት» አለ። ለሌላም ነገር ትሆናለች ብሏል፤ ለምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ስጠይቅህ ወለሉን ነው ያየኸው። ፋብሪካው በምስጢር ፓተንት ሊያስመዘግባት ነው። ከተመዘገበች ያለ እነሱ ፈቃድ ማንም አይሠራትም፤ የሕፃናት ክፍልም ቢሆን።

ሐሙስ ዕለት ኮሪደሩ ላይ እጅህን ኪስህ ከተህ መጣህ።

«ኖዝሎቹን አምጪያቸው» አልከኝ።

«ልጅቷ እኮ ገና አልጨረሰችም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ታዲያ?»

«ፈርሜ የገባሁበት ሥራ ነው፣ ቁንጫ። ሰኞ ማመልከቻው ይገባል። ከዚያ ወዲያ የምስጢር ሕግ ነው፤ አንቺንም ይይዝሻል።»

«የሕፃን ትንፋሽ ምኑ ነው ምስጢሩ?» ብዬ ጮኽኩብህ። ነርሶቹ ሁሉ ዞሩ። አንተ ኖዝሎቹን አንድ በአንድ በመሐረብህ ጠቀለልካቸው። በሩ ጋ ደረስክና ተመለስክ።

«እስከ ሰኞ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አልከኝ። «አንዴ ሕዝብ ፊት የተነገረ ነገር አዲስ አይባልም፤ ማንም በስሙ አያስመዘግበውም። ገባሽ?» ዓይኔን ትኩር ብለህ አየኸኝ። «ገባሽ ወይ?»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ስሄድ ስመለስ፣ እጄን ስታጠብ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ያቺን «ገባሽ ወይ» ነው የምሰማት። እያስጠነቀቅኸኝ ነበር ወይስ እየለመንከኝ? እስኪ «ቁንጫ፣ እንዳትነኪው» ብለኸኝ ሳልነካው የቀረሁትን ነገር ንገረኝ። አንድም የለም። ይህን ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰኞን ነግረኸኝ፣ ሕጉን ነግረኸኝ፣ ሁለቴ ጠይቀኸኝ ሄድክ። እኔ እንደ ልመና ሰምቼዋለሁ። ማስጠንቀቂያ ከነበረም ይቅር በለኝ፤ ማድረጌን ግን አልተወውም።

የእሁዱ ጋዜጣ አዘጋጅ ስለ ቫይረሱ ጽሑፍ እንድሰጣት ከወር በፊት ጀምራ ስትጨቀጭቀኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ ነው የምሰጣት። ስለዚህ አንተም የምታነበው እሁድ ጠዋት ነው፤ ዘበኛህም፣ ኮሎኔሉም፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ከአንተ ጋር ያነበዋል። ሥዕሉ ከነልኬቱ ከዚህ ሥር አለ። የሆስፒታሉን ጠበቃ አማክሬያለሁ። «ግማሹ ሐሳብ የአንቺ ነው፣ ለፋብሪካውም የፈረምሽው የለም፤ ጣጣ ግን አያጣሽም» አለኝ። ጣጣ ለምጃለሁ።

የምፈራው ለአንተ ነው። ቢጠይቁህ «አትናገሪ ብያታለሁ፤ ነርሶቹ ይመስክሩ» በላቸው። እውነትህን ነው፤ ጮክ ብለህ ነው ያልከው። «እህቴ ከልጅነቷም አፏ አያርፍም» በላቸው። እማዬም ትመሰክርልሃለች፤ እንዲያውም ሳትጠራ ትመጣለች። ከሥራ ቢያስወጡህም ያ ቧንቧ እስካሁን ያፈሳል።

ዛሬ ልጅቷ እንደገና ማሳል ጀምራለች። «ጉሜን ማን ወሰደው?» አለችኝ። «የሠራው ሰው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ይመልሰዋል» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ወጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ከሆስፒታሉ ጀርባ ቶርኖ ቤት አለ። ሰኞ ባለሙያው በሩን ሳይከፍት ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ጋዜጣውን ይዤ። ባለሙያው ሥዕሉን አገላብጦ «የማን ሥራ ነው?» ማለቱ አይቀርም። በሕግ ከእሁድ ወዲያ የማንም አይደለም።

እኔ ግን «የወንድሜ ነው» እለዋለሁ።

ቁንጫህ