ለደብረ ብርሃን የሚሆን ልብስ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4/2008፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሁለት ሹራብ፣ አንድ ጃኬት፣ ሦስት ካልሲ። የጃኬቱ ዚፕ አይዘጋም። ይሁን።

አክስቴ ዛሬም ደወለች። ደ/ብርሃን ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ወፍራም ወፍራም ያዢ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባሽ ማለት ብርድ ልብስ ያለብሱሻል ማለት አይደለም። እሺ አልኩ። እማ ደግሞ ከጓዳ አሾፈችብኝ፦ እዚህ ቆሰበር ከተማ ሚኒባስ ስትቀይሪ እንኳን ጥርስሽ የሚንቀጫቀጭ ልጅ! ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳት እሆን ነበር። ካልሲዬን አጠፍኩ።

አንቺ ደብተር፣ ግማሽሽ ባዮሎጂ ነው። ከዘጠነኛ ስወጣ የተረፍሽ። እንዴት እንደወጣሁ ታውቂያለሽ፤ ዳስተር ወርውሬ። አሁን ዳስተር የሚያስወረውር ንዴት እንኳን የለኝም። አባዬ ከሞተ አላለቀስኩም። ጎረቤቱ ሁሉ ፊት ፊቴን ያየኛል። ይዩ።

የሱንም ልብስ እያጠፍኩ ነው። ረቡዕ አርባው ነው፤ ለነፍሱ ለየኔ ቢጤዎች ይሰጣል። ሱሪዎቹ፣ ኮቱ፣ ጋሪ ሲነዳ የሚለብሰው ካፖርት። የኔም የሱም ለየብቻ፣ በአንድ ዓይነት የማዳበሪያ ከረጢት። እማ እንዳይምታታ ክር እሰሪበት አለች። ዕውር ነኝ እንዴ አልኳት።

ረቡዕ፣ ታኅ. 6፣ ምሽት 12

አርባው አለቀ። ከረጢቱን እኔ ተሸክሜ ቤ/ክ በር ላይ ሰጠን። እማ አልከፈተችውም። ልብሱን ድጋሚ ማየት አልቻለችም።

አሁን ካልሲ ልጨምር ብዬ የኔን ብከፍት፣ ካፖርት። የፈረስ ላብ ሸተተኝ።

የኔን ነው የሰጠነው። ሹራቦቼ፣ ጃኬቴ፣ ጡት መያዣዬ ሳይቀር ለአባዬ ነፍስ። ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር። ሞቷል እንጂ።

እማ ላይ ጮህኩባት። የራሴን ጥፋት። በእግዜር ስም የተሰጠ አይጠየቅም፣ ካፖርቱን ለብሰሽ ሂጂ አለች። ወዲያው ደግሞ አርባው ሲወጣ በስሙ አንድ ጨርቅ እንኳን አልተሰጠለትም ብላ አለቀሰች። እኔ ቆሜ አየኋት።

ሐሙስ 7

ለካሁት። እጅጌው ጣቴን ይውጣል። ይሞቃል። አወለቅኩት።

አክስቴ፦ እሁድ ካልተሳፈርሽ ቦታሽን ሌላ ልጅ ትወስደዋለች።

ቅዳሜ 9፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ልለውጥ ቤ/ክ ሄድኩ። ከረጢቱን ይዤ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ እንኩ ካፖርት፣ አምጡ ሹራብ።

አንዲት እናት በሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀዩን ሹራቤን ለብሰው። ክርክሬን አዘጋጅቻለሁ፣ ካልሆነ ስድብም አለኝ። ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ረቡዕ ከረጢት ያመጣሽው አንቺ አይደለሽ? የሟቹን ስም የነገረኝ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ‹የሹራቡን ባለቤት ነፍስ ማር› እያልኩ ነው። ክርስትና ስማቸው ማነው?»

የሹራቡ ባለቤት እኔ ነኝ። በቁሜ ሲጸለይልኝ ሰነበተ። ሊያስቀኝ ይገባ ነበር።

ወልደ ጊዮርጊስ አልኳቸው። ከሞተ ወዲህ ስሙን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ደገሙት። አጠገባቸው ያሉትም ተቀበሏቸው።

ስለ መለዋወጥ ምንም አላልኩም። ከረጢቱን ፈታሁት። ካፖርቱን አንድ ሽማግሌ ለበሱት፣ ቁልፉን አዛንፈው ቆለፉት። ላስተካክልላቸው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

ያው ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

ለእማ ነገርኳት። አልተቆጣችም። የራሷን ጋቢ ከረጢቴ ውስጥ ከተተች። አወጣሁት። መልሳ ከተተች። አወጣሁት። ተሰዳደብን። እሷ ምን ልትለብስ ነው?

ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ። ሌላ የለም። ነገ 12 ሰዓት መናኸሪያ ነኝ፤ እንዲሁ እሄዳለሁ። አክስቴ ትጮሃለች። ትጩህ። ይብረደኝ። አንድ ነገር ይሰማኝ እስቲ።

መጣች ደግሞ፣ ያንኑ ጋቢ ይዛ፣ አሁንስ…