የድንቢጥ ቤት ሠሪው የአቶ በሱፍቃድ ሀብተሥላሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ በሱፍቃድ ሀብተሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተሥላሴ ወልደየስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደሚቱ ቤካ በ1945 ዓ.ም. በልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በአናጺነት ሙያ ተሰማሩ። በአርባ ዓመት ሥራቸው አልገጥም ያለ መሳቢያ ከእጃቸው አልወጣም፤ ልጃቸው ስለሆንኩ አይደለም፣ ጌጃ ሰፈር ይመስክር።

በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ አስካለማርያም ጋር ጋብቻ ፈጽመው እኔን ትዕግሥትንና ወንድሜን ባሮክን ወልደዋል።

በ2005 ዓ.ም. ቤታችን ሲፈርስ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባን። በድሮው ጣሪያችን ሥር ድንቢጦች ይኖሩ ነበርና፣ እኛ ቤት ሲሰጠን እነሱ ሜዳ ላይ ቀሩ እያሉ አባታችን ይቆጩ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች ሠርተው በሕንፃው ግድግዳ ላይ ሰቀሉላቸው። አንዲት ድንቢጥ አልገባችም። ጥፋቱ የእጃቸው መስሏቸው ሳጥኖቹን እያወረዱ፣ ቀዳዳውን እያሰፉና መልሰው እያጠበቡ ሦስት ዓመት ለፉ። የጎረቤት ሳቅ አላስከፋቸውም፤ ሙያዬ ከዳኝ ማለታቸው ግን እኛን አስለቅሶናል።

ነገሩን የፈቱት ጎረቤታችን ወ/ሮ መይሙና ናቸው። ሰው እንኳ ቤት ሲከራይ ሰፈሩን ያያል፤ እዚህ ሲሚንቶ ላይ ወፏ ልጆቿን ምን ታብላ ብለው ገሠጿቸው። አባታችን ኮሚቴውን ለምነው ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ተረከቡ። ቁጥቋጦ ተከሉበት፤ ሣሩም ፍሬ ሳይዝ እንዳይታጨድ ከስንቱ ጋር ተሟገቱ። ሳጥኖቹን ወደዚያ ባዞሩ በሁለተኛው ክረምት ድንቢጦቹ ገቡ። በመንገዱ በኩል የቀረው አንድ ሳጥን፣ በዚያው እጅ ከዚያው ጣውላ ተሠርቶ፣ ዛሬም ባዶ ነው። እሱን ለእንግዳ ሁሉ ማሳየት ደስ ይላቸው ነበር።

አቶ በሱፍቃድ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም ጽናቱን ይስጥልን። ከቀብር መልስ የምትቀመጡበት ድንኳን መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ዕድርተኞቹ ለድንኳኑ ብለው ሣሩን ማጨድ ሲጀምሩ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝና፣ ፀሐዩንና አቧራውን ስለ እሳቸው ብላችሁ ቻሉልን። ሳጥኖቹ ውስጥ ጫጩቶች አሉ።