ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር

ሰኞ

ሰባት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ! ሊሆን አይችልም። የአውሮፕላን ትኬቱን ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፦ ዓርብ፣ ከአርባ ምንጭ መነሻ 4:00፤ አዲስ አበባ መድረሻ 11:10። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ዓርብ በስምንት ሰዓት እዚያው አዲስ አበባ የሆድ ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። ልጄ ሰናይት በስልክ «አባባ፣ እማማ እሱን ሳላይ አልገባም ብላለች፤ ተራዋ ካለፈ ሌላ ሁለት ወር ነው» ብላኛለች።

ትኬት ቆራጩን ስለ ሰዓቱ አልጠየቅሁትም። ማስታወቂያው ላይ «ተሳፋሪዎች ቀደም ብሎ ይገኝ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አርሜለት ነው የወጣሁት። «መምህር፣ ከአሥር ስንት ሰጡኝ?» ብሎ ሳቀ። አሁን በምን ፊቴ እመለሳለሁ?

ማክሰኞ

ካርታ ዘርግቼ በክር ለካሁ። መኪናው በሶዶና በሻሸመኔ ዞሮ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ቀጥ ያለው ክር ግን ከሦስት መቶ ኀምሳ አይበልጥም። ለሰባት ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ኀምሳ ነው፤ ይህንንማ አውቶቡስም ይሄደዋል! በየከተማው እያረፈ ይሆን? ወይስ ሁለቱም የፈረንጅ ሰዓት ናቸው? እንዲያ ከሆነ መነሻው በእኛ ከሌሊቱ አሥር ነው። በዚያ ጨለማ ከዚህ ሜዳ ማን ይነሣል?

ረቡዕ

ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረድሁ። ዓሣ በአውሮፕላን የምትልከውን ወይዘሮ ማርታን ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ሰባት ሰዓት ቢፈጅ ከዓሣዬ በፊት ሽታው ይደርስ ነበር! በረዶው እንኳን ሳይቀልጥ ነው የሚገባው።» ደስ አለኝ፤ ግን በረዶ ሰዓት አይቆጥርም።

የቀበሌያችን ጸሐፊ የጉዞ ይለፍ ወረቀቴን ይዞ «ጓድ፣ በምን ልበል? በአውሮፕላን ወይስ በአውቶቡስ?» አለኝ። አውቶቡሱ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ኩራቴን ዋጥሁና ወደ ትኬት ቆራጩ ተመለስሁ።

«አይ መምህር! መነሻውን እርስዎ እንዳይሳሳቱ ብዬ በእኛ ሰዓት ጻፍሁት፤ መድረሻውን ከሰሌዳው እንዳለ ገለበጥሁት። እሱ የፈረንጅ ነው። በእኛ አምስት ሰዓት ከአሥር ይደርሳሉ።»

ለካስ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው! 11:10ን በቀዩ ሰርዤ 5:10 ጻፍሁ።

«አሁንስ ስንት አገኘሁ?»

«አምስት» አልሁት። ሌላውን አምስት ለራሴም አልሰጠሁም፤ ግሱን መርምሬ ሰዓቱን ያለፍሁ እኔ ነኝ።

ሐሙስ

የአውቶቡሱን ጥሩምባ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ቤቴ ሆኜ ሰማሁ። አልተሳፈርሁም። ትኬት ቆራጩ ዳግመኛ ተሳስቶ ቢሆንስ? ክሩን እንደገና ለካሁ። ያው ነው።

ዓርብ

በአምስት ሰዓት ከሩብ መሬት ነካን። አስካለ አልጋዋ ላይ ሆና ከጫማዬ እስከ ከረባቴ አየችኝ። «ሸሚዝህ እንኳን አልተጨማደደም!» አለች። በስምንት ሰዓት ያለ ክርክር ገባች።

የሆስፒታሉ የግድግዳ ሰዓት አራት ይላል፤ የእጄ አሥር። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ኦፕራሲዮኑ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ግን በየትኛውም አልተነገረኝም።

አሁን ነርሷ ወጣች። «አባት፣ ባለቤትዎ ነቅተዋል። ከረባቱን ፈትቶ ትንሽ ይረፍ በሉት ብለዋል።»

ፈታሁት።