«አመሏ ነው»

እማዬ፣ የወር አበባዬ ሕመም ጥሎኝ፣ ጠመኔው ከእጄ ወድቆ፣ እኔም ተከትዬው ተማሪዎቼ ፊት የተዘረጋሁት ማክሰኞ ነው። ሰላምታውን ዘለለችው አትበዪኝ፤ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የአባዬ ሳልስ ለቀቀው? ታናሼስ ዛሬም በአፏ ትቀድማለች? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ግን አልልሽም።

ከመሬት ሲያነሡኝ ርእሰ መምህሩ አንቺ ዘንድ ደወለ። ስልኩን ዘግቶ ሲስቅ ሰማሁት። «እናቷም አመሏ ነው አሉ፤ ስትወልድ ይተዋታል።» በማግስቱ ተማሪዎቼን ለሌላ ሰጥቶ እኔን መጋዘን ውስጥ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር አስቀመጠኝ።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ አልተለየችኝም። ያቺ እህትሽ፣ በር ዘግታ፣ የሞቀ ጠርሙስ ሆዷ ላይ ይዛ፣ ድምፅ እንዳይወጣት ብርድ ልብስ ትነክስ የነበረችው። ያኔም «አመሏ ነው፣ ተዉአት» ስትዪ በሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታለች። ከሞተች በኋላ ብርድ ልብሷን ሳጥፍ ጠርዙ ተበልቶ አገኘሁት። አሁን መጋዘኑ ውስጥ እንጨት ሲንቋቋ የእሷ ጥርስ ይመስለኛል። ዞሬ አያለሁ፤ ማንም የለም።

የመረመረችኝ ሐኪም የሕመሜን ስም ነገረችኝ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል። «የሰውነትሽ ዘበኛ፣ በሽታ ተከላካዩ፣ ሊያባርረው ሲገባ ያሳልፈዋል፤ ይባስ ብሎ ግርግሩን ያቀጣጥላል» አለችኝ። ዘበኛውን የሚያርመው ሕክምና ገና በጥናት ላይ ነው። ለጊዜው የጀመርኩት የሆርሞን ኪኒን ነው፤ የወር አበባዬን ይገታል፣ ሕመሙን ያስታግሣል፣ ከሥሩ ግን አይነቅለውም። መካን ያደርጋታል የሚል ጎረቤት ቢመጣ አትስሚው፤ ኪኒኑ ሲቆም የወር አበባዬ ይመለሳል። መውለድ ይፈውሰኝ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ልጅ ኪኒን ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

የሐኪሟን ወረቀት ለርእሰ መምህሩ ሰጠሁት። ገፋ አድርጎ፣ «እናትሽን ልመን ወይስ ወረቀት?» አለኝ። እማዬ፣ ያሰረኝ ያንቺ ቃል ነው፤ የሚፈታኝም እሱ ነው። ደውዪለትና «ልጄ ታማለች፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» በዪው።

አባዬን ጉንጩን፣ ታናሼን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለእሷ ደግሞ ሆዷን ሲያማት እንዳትደብቅ ንገሪያት። አክስቴ መቃብር ስትሄጂም አመል እንዳልነበረ ለእሷም ንገሪያት፤ ምናልባት ትተኛ ይሆናል።

ደወልሽም አልደወልሽም፣ ሰኞ ሰሌዳዬ ፊት እቆማለሁ። ሕመሜን አመል የሚል አፍ፣ ያንቺም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ልጅሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት